ስፑርጎ

የኦርሶላ ትራክተር ቀጥ አለች ከዳገቱ ላይ፣
ወይኑ በሳጥን ተጭኖ፣ ጠቁሮ ሳለ ሰማይ።
ሁለቴ አስነጠሰች፣ አንዴ ተንደቀደቀች፣
ከዚያ ጭጭ።
በፒዬሞንቴ ኮረብታ የውሻ ጩኸት ብቻ ቀረ፣
እሱም ከሩቅ።

«ናፍጣ!» አለች ኦርሶላ፣ ግንባሯን በመዳፏ መታ፣
«ኤቶሬ ነበር የሚለካው፣ በአኻያ ልምጭ፣ ሁልጊዜ ማታ።»
ጠቋሚው ከተሰበረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
ልምጩ ግን ዛሬም አለ፣ ተሸጉጦ ከወንበሩ ሥር፣
ጫፉ ናፍጣ የጠጣ፣ ወገቡ ላይ በቢላ የተጫረ መስመር፤
ከዚህ ካነሰ አትንዱ ነው።
እሷ ከቀብሩ ወዲህ አልነካችውም።

ጄሪካን ተሸክሜ ወጣሁ፣ ሃያ ሊትር፣
ትከሻዬን እየላጠኝ። ቀዳሁላት፣ ጠጣች።
ቁልፉን አዞረች ኦርሶላ፤
ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ እንደ ሰካራም ዘበኛ አጉረመረመ፣
ቃል ግን አልወጣውም።
«ተዪ» አልኳት በእጄ፣ «ባትሪው ይሞትብናል።»
ጠግባለች፤ ግን አየር ውጣለች።
ለእኛ እስትንፋስ የሆነው እሷን ያንቃታል።

ኮምቦልቻ፣ ይመር ጋራዥ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ
ከጥፊ ጋር የተማርኳቸው፦ ቡሎን፣ ፖምፓ፣ ካቻቢቴ፣
ፊልትሮ፣ ሳልቫትዮ፤
የወሎ አፍ መስለውኝ፣ ይመር ራሱ የፈጠራቸው መስለውኝ።
እዚህ ሰባት ወር ወይን ስገርዝ፣ ስለቅም፣ ሳጥን ስሸከም
ማሽን ያስነካኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ኦርሶላ ከወንበሩ ቁልቁል እያየችኝ
«ስፑርጎ» አለች፣ «ስፑርጎ ያስፈልጋታል።»
ቀና አልኩ።
ማን ነገረሽ? አልኩ በሆዴ። የይመር ቃል እኮ ነው!
ለካ ቋንቋዋን እንደ ቋጥኝ እየፈለጥኩ፣
ቁልፉን በኪሴ ይዤ ደጇን ሳንኳኳ ኖርኩ።

የፊልትሮውን ቡሎን አላላሁ፣ ግማሽ ዙር ብቻ፤
የፖምፓዋን ትንሽ ምላስ በአውራ ጣቴ፣
ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣
ቹክ፣ ቹክ፣
መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ እንደ ሕፃን ምራቅ አረፋ፣
ከዚያ ግማሹ ናፍጣ፣ ግማሹ ትንፋሽ።
አትቸኩል፣ ይል ነበር ይመር፣ አረፋ ውሸታም ነው፣
ሄደ ስትለው ይመለሳል፣
ሦስቴ ይሰናበትሃል።

እውነቱን ነው። ሦስቴ ተሰናበተ።
ጥርት ያለው ናፍጣ በአንጓዬ ወርዶ እጅጌዬን አራሰ።
አጠበቅሁ። ወደ ትልቁ ፖምፓ አለፍኩ። ከዚያ ወደ ሦስቱ ቧንቧዎች አንገት፤
«አሁን!»
አንደኛው ተፋ። ሁለተኛው ተፋ። ሦስተኛው

«ሰነፍ ነው» አለች፣ «ኤቶሬ ይሰድበው ነበር።»
ስድቡን ሳትነግረኝ ሳቀች።
ሳቀችና ዝም አለች፣ ከዚያ ተናገረች፤
ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ መጨረሻው ማክሰኞ፣
ሆስፒታል ሳለ ስለ ወይኑ ብቻ ስለመጠየቁ፣
እየተቆራረጠ፣ እየተንተባተበ፣ አረፋ አረፋ እያለ፣
ኋላ ግን አንድ ወጥ ሆኖ ወረደ።
እኔ በጭቃው ተንበርክኬ፣ መፍቻውን እንደያዝኩ፣
ማጥበቂያው ሰዓት አልደረሰም ብዬ ጠበቅኩ።

ፊቷን በሻርፏ ጠረገችና ቁልፉን ያዘች።
ሦስተኛው ተፋ!
ነጭ ጭስ፣ አንድ ትንታ፣ ሌላ ትንታ፣
ከዚያ ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ፣ ኮረብታው መልሶ መታ።
ዝናቡ ከመጭመቂያው ደጅ ላይ ደረሰብን፤
ሁለት ሳጥን ረጠበ። ይሁን።

ማታ ልምጩን ከወንበሩ ሥር መዘዘች፣
ነከረች፣ አወጣች፣ ወደ አምፖሉ አቀረበች፤
ከመስመሩ በላይ ሦስት ጣት።
በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ።
«ነገ» አለች፣ «አንተ ለካ።»